ጥቁሬን ማን ተጫነው?

ደሴ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ፀሐይዋ ለጉድ ወጥታለች። ጦሳ ተራራ ላይ አንዲት ጭረት ደመና የለም፤ ድንጋዩ ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል። ከሙጋድ ወደ ሰኞ ገበያ የሚወርደው አውቶብስ ግን ቢጫ የጉም መብራቱን ቦግ አድርጎ፣ እንደ ኤሊ እየተጎተተ፣ በየመታጠፊያው ጡሩምባውን ይነፋል። ጲጵ! ጲጵ! ከፊቱ ያለውም፣ ከኋላው ያለውም እንደዛው። በጠራራ ፀሐይ ተሰልፈው፣ ጨለማ ውስጥ እንዳለ ሰው መንገዱን እየዳበሱ ይሄዳሉ!

ረምላ ሳቋ መጣባት። የረምላ ሳቅ ደግሞ አያድርስ ነው። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቦርሳዋን አፏ ላይ ለጥፋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ነው የምትስቀው። ከሹፌሩ ጎን ስለተቀመጠች ነው እንጂ ሌላው ሰው ውጪውን አያይም፤ የጎን መስኮቶቹ ሁሉ ማስታወቂያ ተለጥፎባቸው ተደፍነዋል።

"ጋሼ፣ ጉሙ የታለ?" አለችው ሹፌሩን።

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ስልክሽን እይ። ድፍን ጉም ነው የሚለው። መኪናው ራሱ ሰምቶ ነው መብራቱን ያበራው፤ ከዚህ በላይ ብረግጠውም አይሄድልኝ።"

"ግን እኮ እያየኸው ነው፤ ፀሐይ ነው!"

"እዚህ ፀሐይ ነው፤ ሆጤ ሰፈር ጉም ይሆናላ። የአካባቢ ልዩነት ነው።"

"እስቲ የኋላውን መስኮት ከፈት አድርገን እንይ..."

ወይኔ! አውቶብሱ በሙሉ ዞረባት። "ምን ልትከፍት?" "ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ?" አንዲት እናት ሕፃኗን በነጠላ ላይ ነጠላ ደራርባ ጠቀለለችው። "እህት ዓለም፣ ልጅ ይዣለሁ! ልጅ!" ረምላ ይቅርታ ብላ ቁጭ አለች፣ ከዛ ሳቋ እንደገና ሊመጣ ሲል አንድ ነገር ትዝ አላት።

ለምን መሰላችሁ? ትናንት ሰሌዳቸው ላይ ጉምን የተጫኑት እነሱ ናቸዋ! አንደኛ 'ለ' ክፍል። የሷ ልጆች!

ነገሩ እንዲህ ነው። አስራ አንደኛ ክፍል የገባ ተማሪ ሁሉ ግማሹን ዓመት አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ ማገዝ አለበት። ጓደኞቿ አንዷ ንፍጥ ስትጠርግ፣ አንዷ የጫማ ክር ስታስር ስትውል፣ ለረምላ የደመና ክፍል ደረሳት። የደመና ክፍል! ከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ሰማያዊ ጮራ ትምህርት ቤት። ያውም ሰባት ዓመት የሞላት ታናሽ እህቷ ሱንዱስ የምትማርበት። በደስታ ልትፈነዳ ነበር እኮ።

ክፍሉ ወንበር የለውም። መሬቱ ሁሉ ፍራሽ ነው፤ እያንዳንዱ ፍራሽ ላይ ጋቢ አለ። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው በጀርባቸው ይተኛሉ፣ የደመና ስዕል ያለበትን ሰሌዳቸውን ሆዳቸው ላይ ያደርጋሉ፣ መብራቱ ይጠፋል፤ ከዛ ጣሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማይ ይሆናል። የዚህች የምትናገር ጣሪያ ስሟ ሰማዬ ነው። "ልጆችዬ፣ ቀና በሉ!" ትላለች፣ ድምጿ ማር ማር እያለ። ጥጥ ይመጣል፤ ነጩ፣ ክብ ክብ ያለው። ላባ ይመጣል፤ ከላይ ከላይ የሚሄደው ስስ። ብርድ ልብስ ይመጣል፤ ሰማዩን ዳር እስከ ዳር የሚከድነው ግራጫ። ጉም ሲሆን ደግሞ ከጣሪያው ቀዝቀዝ ያለ ጢስ ነገር ይወርዳል፣ ልጆቹ በደስታ ይጮኻሉ። ያዩትን ደመና ሰሌዳቸው ላይ በጣታቸው ይጫናሉ፣ ኮከብ ያገኛሉ።

ጥቁሬ የሚባልም አለ። ትልቁ፣ እንደ ተራራ ወደ ላይ የሚቆለለው፣ ነጎድጓድ ያለበት። ሰሌዳው ጥግ ላይ ስዕሉ አለ፤ ጣሪያው ላይ ግን ከታየ ከረመ። አንዲት ልጅ እሱን አይታ ፍራሽ ላይ ሸናች ተባለ፣ ወላጆች ተሰብስበው "ልጆቻችንን ለምን ታስፈራራላችሁ?" ብለው ጮኹ፣ ከዛ ወዲህ ሰማዬ ጥቁሬን አታሳይም።

ድሮማ፣ ረምላ ራሷ ትንሽ እያለች፣ ትምህርቱ ሜዳ ላይ ነበር። ሳሩ ላይ ተኝተው ነበር እውነተኛውን ሰማይ የሚያዩት። ካቻምና ግን አንዱን ልጅ አተኮሰው፤ "ምች ነው!" ተባለ። ሌላዋ አስነጠሳት፤ "ብርድ ነው!" ተባለ። ስብሰባው ላይ ከሁሉም በላይ ድምጿ የተሰማው ማን መሰላችሁ? የረምላ እናት፣ ያኔ ሱንዱስን እዛው መዋዕለ ሕፃናት ያስገባችው ሂክማ! "ልጄ ደመና ታውቅ ብዬ ሳንባዋን አልሰጥም!" አለች፣ አዳራሹ አጨበጨበላት። በቃ፣ ሰማዩ ወደ ቤት ገባ። የክፍሉም መስኮት ንፋስ እንዳያስገባ ተብሎ በሰፊ ፕላስተር ዙሪያውን ታሸገ፣ በላዩ ላይ መጋረጃ ተጣለበት።

ረቡዕ ዕለት ጣሪያው ላይ የነበረው ጥጥ ነው። ሱንዱስ ግን ጢሱ አማራት። ሱንዱስን አንድ ነገር ካማራት ደግሞ አለቀ። ጉምን ተጫነች።

"ተሳስተሻል የኔ ቆንጆ፣ እንደገና ቀና በይ" አለቻት ሰማዬ።

ሱንዱስ ወደ ጓደኛዋ ወደ ብሩክቲ ተንከባለለች፣ ጆሮዋ ላይ ምን እንዳለቻት እንጃ፣ ብሩክቲም ጉምን ተጫነች። "ተሳስተሻል የኔ ቆንጆ።" ሹክሹክታው ከፍራሽ ወደ ፍራሽ ዞረ። ክፍሉ በሙሉ ጉምን ሲጫን ሰማዬ "ተሳስተሻል" ማለቷን ተወች። ከዛ ጥጡ ሁሉ ከጣሪያው ጠፋ፣ ጢሱ ፍስስስ ብሎ ወረደ። "ጎበዞች! ጉም ነው!" ልጆቹ እየጮኹ ተነስተው ዘለሉ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ረምላ ናት። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረባት።

አሁን ግን፣ ያን የአውቶብስ ሰልፍ ካየች በኋላ፣ ነገሩን ሳትጠይቅ ማለፍ አልቻለችም። ትምህርት ቤት እንደደረሰች በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ሮጠች።

ወይዘሮ ኤልዳና ሽቷቸው ከበሩ የሚቀበላችሁ፣ ሁሉንም ልጅ "የኔ ጌጥ" የሚሉ ሴት ናቸው። መስታወት ፊት ቆመው የቅዳሜውን ንግግር ይለማመዳሉ። ቅዳሜ የደመና ቀን ነው። የሚከበረው ደግሞ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ነው። ዳር አይደለም፣ ውስጥ! ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ስለሆነ ከተማው መዝናኛ አድርጎታል። አንደኛ 'ለ' አሸዋው መሃል በሚተከለው ትልቅ ድንኳን ውስጥ፣ ሕዝብ እያየ ሰማይ ያነባሉ። ሱንዱስ የፊተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ የላትም።

"ቲቸር፣ የከተማው ትንበያ ከየት ነው የሚመጣው?" አለች ረምላ።

"ከልጆቻችን ነዋ!" አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። "ድሮ ማማ ላይ የሚሽከረከር ምናምን ነበር፣ ተበላሸ፣ ማን ይጠግነው። የልጅ ዓይን ይበልጣል ተባለ። እነሱ የሚጫኑት ነው ለሕዝቡ ስልክ ሁሉ የሚሄደው። ንግግሬ ላይ አለ፣ ትሰሚዋለሽ።"

"ልጆቹ ግን የሚያዩት ሰማዬን ነው።"

"አዎ።"

"ሰማዬስ ምን አይታ ነው የምታሳያቸው?"

"ትንበያውን ነዋ።"

"ትንበያው ደግሞ..."

"ከልጆቹ ነው አልኩሽ እኮ የኔ ጌጥ! አትሰሚም እንዴ?"

ረምላ በጣቷ አየር ላይ ክብ ሠራች። "ታዲያ... ሰማዩን ማን ነው የሚያየው?"

ወይዘሮ ኤልዳና በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት። ፈገግታቸው አልጠፋም፤ ግን ዓይናቸው ላይ አልነበረም። "ትክክለኛነታችን መቶ ከመቶ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቹ ያሉትና ትንበያው ያለው አንድ ቀን ተለያይቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ቅዳሜ እንግዶች ፊት እንዳታነሺ፣ እሺ?"

መቶ ከመቶ! ይሆናላ! ረምላ ከቢሮው ወጣች። ሁሌ የምትወደው ያ የሰማዬ ድምፅ ከኮሪደሩ ጫፍ "ልጆችዬ፣ ቀና በሉ!" ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷ ላይ ቁንጫ የሄደ መሰላት።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰማይ ልታይ ፈለገች። ቀላል መሰላችሁ? የደሴ የእግረኛ መንገድ እኮ ከዳር እስከ ዳር ሸራ ተወጥሮበታል፤ ለፀሐዩም ለአቧራውም ተብሎ። ቀና ስትሉ የምታዩት ሸራ ነው። ረምላ ሁለት ሸራ የሚገናኝበት ክፍተት ፈልጋ፣ እዛ ስር ቆማ አንጋጠጠች። ከጦሳ ኋላ የሆነ ነገር ብቅ ብሏል። ጥቁር። ጥጥ አይደለም፣ ብርድ ልብስ አይደለም። አናቱ እንደ አበባ ጎመን የተቆለለ፣ ሆዱ እንደ ጥላሸት የጠቆረ። ስልኳን አወጣች፤ "ጠራ ያለ ቀን። ነገም ፀሐይ!" ይላል፣ ሳቂታ ፀሐይ ተስላበት።

ቤት ገብታ "እማዬ፣ ሱንዱስ ነገ ወንዙ ውስጥ አትግባ" አለች።

ሂክማ የሱንዱስን ነጭ ቀሚስ ትተኩሳለች። "ምን ሆነሽ ነው? ልጄ እኮ ፊተኛው ረድፍ ላይ ናት።"

"ከጦሳ ኋላ ዝናብ አለ። በዓይኔ አየሁት። እዛ ከዘነበ ደራሽ ጎርፉ የሚመጣው በቦርከና ነው።"

"ስልኩ ፀሐይ ነው የሚለው።"

"ስልኩ የሚለው ሱንዱስ ያለችውን ነው!"

ሱንዱስ ከሶፋው ላይ ብድግ አለች። "እኔ ምን አልኩ? እኔ ዛሬ ፀሐይ ነው የተጫንኩት። ኮከብ አግኝቻለሁ!"

"አየሽ?" አለች ሂክማ። "ደግሞ አንቺ አንገትሽን ምን ያንጋጥጥሻል? ላብሽ ሳይደርቅ! ምች ሲመታሽ ያኔ ሰማይሽን ታቅፈሽ ትተኛለሽ። ነይ ፌጦ ላሽትሽ።"

ረምላ በፌጦ ተቀባች። ምን ታድርግ? ፊቷ በፌጦ እየተቃጠለ፣ ሳቂታዋን ፀሐይ ስልኳ ላይ ስታያት፣ የሆነ ሰው እየዋሻት እንደሆነ አወቀች፤ ግን ማን? ልጆቹ አልዋሹ፤ ያዩትን ነው ያሉት። ሰማዬ አልዋሸች፤ የተባለችውን ነው ያሳየችው። ሁሉም እውነቱን ተናግሮ እንዴት ውሸት ይወጣል?

ቅዳሜ አሸዋው ሰው ነው። ፊኛ፣ ብስኩት፣ ድምፅ ማጉያ፣ አዲስ ልብስ። ትልቁ ድንኳን ከውስጥ ጣሪያው ሰማዬን ለብሷል፤ ሰማያዊ፣ ጽድት ያለ፣ አንድ ሁለት ጥጥ ጣል ጣል ያለበት። አንደኛ 'ለ' ፍራሾቻቸው ላይ ተኝተዋል፣ ወላጆች ዙሪያውን ተቀምጠው እነሱም ያንጋጥጣሉ። ወይዘሮ ኤልዳና ንግግራቸውን ጀምረዋል።

ረምላ ከድንኳኑ ጀርባ ወጣች። ጦሳ የለም! ከተራራው አናት ጀምሮ ጥቁሩ ነገር ወርዶ ውጦታል። ንፋሱ እርጥብ አፈር አፈር ይላል። ጉርርር የሚል ድምፅ መጣ፤ ከድምፅ ማጉያው ይሁን ከሰማይ ማን ይለያል። ከአጠገቧ ስልኩን ይዞ የቆመ ሰውዬ ነበር።

"ጋሼ፣ እስቲ ያንን ይዩት!"

ሰውዬው አየ። እውነትም አየ፣ ግንባሩ ተኮሳተረ። ከዛ ስልኩን አየና ግንባሩ ተፈታ። "የአካባቢ ልዩነት ነው" ብሎ ብስኩቱን ገመጠ።

ረምላ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ገብታ እናቷን ትከሻዋን ነካች፤ ሂክማ "ዝም በይ፣ እህትሽን እየቀረጽኩ ነው" አለቻት። ወደ ወይዘሮ ኤልዳና ሄደች፤ ማይካቸውን በእጃቸው ሸፍነው "አሁን አይደለም የኔ ጌጥ" አሉ፣ ክንዷን ቆንጠጥ አድርገው።

ያኔ የአውቶብሶቹ መብራት ትዝ አላት። ይሄ ሁሉ ሰው ሰማዩን ብታሳዩት አያምንም፤ ስልኩ ካለ ግን በፀሐይም ጉም ነው ይላል። ስልኩን የሚያዙት ደግሞ እነዚህ ፍራሽ ላይ የተኙት የወተት ጥርሳቸው ያልወለቀ ልጆች ናቸው!

አጋዥ ስለሆነች ማንም ምንም አላላትም። ፍራሾቹ መሃል በጉልበቷ ሄዳ ሱንዱስ አጠገብ ተኛች።

"ሱንዱሴ፣ ስሚኝ። ጥቁሬን ተጫኚ።"

"እ? የለም እኮ። ፀሐይና ጥጥ ነው።"

"ውጪ አለ። ሁላችሁም ተጫኑት፣ እንደዛን ጊዜ እንደ ጉሙ።"

ሱንዱስ ትልልቅ ዓይኖቿን አዞረችባት። "ዋሹ እያልሽን ነው? ሕዝብ ፊት? ኮከቤን ትቀንስብኛለች!"

"እኔ እሰጥሻለሁ ኮከብ።"

"የአንቺ ኮከብ አይቆጠርም።"

ድንኳኑ በንፋስ ቡፍ ብሎ ተነፋ። ረምላ እንባዋ መጣ፤ ልጅቷ ደግሞ እህቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም፣ ስትስቅ እንጂ። ትንሽ አየቻት። ከዛ ጣቷ ቀስ ብሎ ወደ ጥጉ ሄደ።

"ተሳስተሻል የኔ ቆንጆ፣ እንደገና ቀና በይ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሂክማ ስልኳን ዝቅ አደረገች። ሱንዱስ ጆሮዋ ቀልቶ ወደ ብሩክቲ ተንከባለለች። "ተሳስተሻል የኔ ቆንጆ።" ሹክሹክታው ተነሳ፣ "ቲቸር ረምላ ናት ያለችው"፣ "ጥቁሬን? እፈራለሁ"፣ "ዓይንሽን ጨፍነሽ ተጫኚ!" "ተሳስተሃል የኔ ጀግና። ተሳስተሻል። ተሳስተሻል..." ወይዘሮ ኤልዳና ማይኩን ከአፋቸው አወረዱ። የመጨረሻዋ ልጅ ዓይኗን ጨፍና ተጫነች።

ሰማዬ "ተሳስተሻል" አላለችም።

ከዛ ድንኳኑ ጣሪያ ላይ ያ ሁሉ ሰማያዊ ጠቆረ፤ ጥቁሬ መጣ፣ ከእነ ግርማው። በዛው ቅጽበት አሸዋው ላይ ያለ ስልክ ሁሉ ጮኸ። "ጥቁሬ! ደራሽ ውሃ ሊኖር ይችላል። ከወንዝ ውጡ።" ሰዉ እንደ አንድ ሰው ተነሳ። ቀና ብሎ ያየ አልነበረም፤ ስልኩን ነው ያየው፣ ከዛ ልጁን አንስቶ ነው የሮጠው። "ዝናብ ሊመታው ነው!" "ጭንቅላቷን ሸፍኚያት!" ሂክማ ሱንዱስን በጋቢ ጠቅልላ እንደ ጆንያ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ረምላ ከኋላ ብሩክቲን አዝላ፣ ሌላ ልጅ በእጇ እየጎተተች ተከተለች። ብስኩት የበላው ሰውዬ ሁለት የማያውቃቸውን ልጆች ብብቱ ስር ይዞ አለፋት።

የመጨረሻዎቹ ሰዎች ዳር ወጥተው ትንፋሻቸው ሳይመለስ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ። ከዛ ቡናማው ውሃ ግንድ እየገለበጠ። ትልቁን ድንኳን ከሥሩ ነቅሎ አነሳው፤ ሰማዬ ከነጥቁሬዋ እያበራች፣ "ጎበዞች! ጎበዞች!" እያለች ታጠፈችና ተወሰደች።

አንድም ሰው አልጠፋም። አንድም! ረምላ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስም ስትስቅም ነበር። ከአጠገቧ ያለው ሁሉ እየተቃቀፈ "ሰማዬ አወቀች እኮ! ሰማዬ አዳነችን!" ይላል። ወይዘሮ ኤልዳና ለጋዜጠኛ "መቶ ከመቶ" ሲሉ ሰማቻቸው። ከጋቢው ውስጥ የሱንዱስ ዓይን ብቻ ይታያል፤ ውሃውን ታያለች፣ ጣቷን ታያለች።

እሁድ ሙሉ አልበላችም። ሂክማ "ብርድ መቷት ነው" አለች።

ሰኞ የደመና ክፍል ውስጥ የሚንጫጫ ልጅ የለም። ጫማቸውን አውልቀው፣ ተሰልፈው ተኙ። "ልጆችዬ፣ ቀና በሉ! ለናንተ ወርቅ ኮከብ አለኝ!" አለች የክፍሉ ጣሪያ ላይ ያለችው ሰማዬ፤ ወንዙ የወሰደው የድንኳኑን ብቻ ነው። ጣሪያው በወርቅ ተዥጎረጎረ። አንድ እንኳን አላጨበጨበም። ከዛ ብርድ ልብስ መጣ፤ ግራጫው።

ልጆቹ አላዩትም። ሁሉም በአንዴ፣ ማንም ሹክ ሳይላቸው፣ ፀሐይን ተጫኑ። ጣታቸው እስኪነጣ ጫን አድርገው። ወዲያው ጣሪያው ጠራ። "ጎበዞች! ፀሐይ ነው!"

"ለምንድነው?" አለች ረምላ። "ብርድ ልብስ ነበር እኮ።"

"ጥቁሬን ስንጫን ወንዙ መጣ" አለች ብሩክቲ። "እኛ ነን ያመጣነው። ከእንግዲህ ፀሐይ ብቻ ነው የምንጫነው። ተማምለናል።"

ረምላ ሱንዱስን አየቻት። ሱንዱስ ጣቷን ከፀሐይዋ ላይ አላነሳችም።

እንደዛ ዝም ባሉበት ነው የተሰማው። ከሰማዬ በላይ፣ ከቆርቆሮው ላይ። ጠብ። ጠብ ጠብ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ቃጨለ፤ ሳታወጣውም ምን እንደሚል ታውቃለች። ጠራ። ከተማው ሙሉ አሁን "ጠራ" ሲባል፣ ቦርከና ዳር ዕቃቸውን ሊለቅሙ የወረዱ ሰዎች አሉ። ጠዋት ከአውቶብሱ አይታቸዋለች።

ተነስታ መጋረጃውን ጎተተችው። ፕላስተሩን በጥፍሯ ያዘች፤ የሁለት ዓመት ፕላስተር ነው፣ ክርርር እያለ ከነቀለሙ ተላቀቀ። መስኮቱን በትከሻዋ ገፋችው። ንፋሱ ገባ! ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ሳር ሳር የሚል።

"ብርድ! ብርድ!" ልጆቹ ጋቢያቸው ውስጥ ገቡ። ኮሪደሩ ላይ የወይዘሮ ኤልዳና ተረከዝ ቀጭ ቀጭ ሲል ተሰማ።

"ሱንዱሴ፣ ነይ እዪ።"

"አልመጣም።"

"አንድ ጊዜ ብቻ።"

ሱንዱስ እያንገራገረች መጣች። በባዶ እግሯ የመስኮቱ ደፍ ላይ ወጣች፣ ዓይኗን በክንዷ ከለለች። ውጪ ያለው ሰማይ ከጣሪያው በጣም ይበልጣል፤ ዳር የለውም። ከጦሳ ኋላ እየተንከባለለ፣ እየተቆለለ ይመጣል።

"ይንቀሳቀሳል" አለች በሹክሹክታ።

"አዎ።"

"ፀሐይ ተጫንን እኮ። ሁላችንም። ለምን አይሄድም?"

"አይሰማችሁማ። ሰምቷችሁም አያውቅ። ቅዳሜም እናንተ አላመጣችሁትም፣ መምጣቱን ነው የተናገራችሁት።"

ሱንዱስ እጇን ወደ ውጪ ዘረጋች። አንድ ትልቅ ጠብታ መዳፏ ላይ ጠብ አለ። እጇን ቶሎ ሰበሰበች፣ ከፍታ አየችው፣ ላሰችው። ፊቷ ላይ ከቅዳሜ ጀምሮ ተቆልፎ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ሲፈታ ረምላ አየች።

በሩ ተከፈተ። "ማነው መስኮት የከፈተው?" አሉ ወይዘሮ ኤልዳና፤ እጃቸው ላይ አዲስ የፕላስተር ጥቅል አለ፣ ከየት እንዳመጡት እንጃ። "ወላጅ ቢሰማ ምን ይለኛል? ዝጊ!"

ረምላ መስኮቱ ፊት ቆመች። አልዘጋችም።

ሱንዱስ ከደፉ ወርዳ ወደ ፍራሿ ሮጠች። ሰሌዳዋን አነሳች፣ ፀሐይዋን አጠፋች፣ ጥጉ ላይ ያለውን ጥቁሬን ተጫነች።

"ተሳስተሻል የኔ ቆንጆ" አለች ሰማዬ፣ በዛች ማር በመሰለች ድምጿ። "እንደገና ቀና በይ።"

ሱንዱስ ቀና አላለችም። ወደ መስኮቱ እያየች፣ ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም እንደገና ተጫነች። ብሩክቲ ከጋቢዋ ውስጥ አንድ ዓይኗን አወጣች፣ ተነስታ ሰሌዳዋን ይዛ በባዶ እግሯ ወደ መስኮቱ ሄደች።